ዳኛውና ሰብዉፈሩ

ደሴ፣ ሆጤ፤ ቅዳሜ ከቀትር በፊት። የድምፅ ባለሙያው እንድሪስ የሆም ቴአትሩን አዲስ ሰብዉፈር ጡረታ በወጡት ዳኛ በአቶ ይመር ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ አቶ ይመር አጠገቡ ቆመዋል።

እንድሪስ፦ ይንበርከኩ ጋሽ ይመር።

አቶ ይመር፦ ማን? እኔ?

እንድሪስ፦ እርስዎ። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ ትራስ ላምጣ።

አቶ ይመር፦ ቆይ እስቲ፣ ነገሩን ላጣራው። ልጆቼ እንኳ በማይቀመጡበት ወንበሬ ላይ ሳጥን ጎልተህ፣ እኔ ባለቤቱ መሬት ለመሬት ልዳህ?

እንድሪስ፦ ሳጥን አይደለም፤ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን የሚያወጣው እሱ ነው። ቤዝ ደግሞ እንደ ጎርፍ ነው፤ አንዱ ጥግ ይተኛል፣ ሌላው ጥግ ድርሽ አይልም። ስለዚህ እሱ እርስዎ በሚቀመጡበት ሆኖ ይጮኻል፤ እርስዎ በግድግዳው ሥር እየዳሁ ያዳምጣሉ። ጥርት ብሎ የተሰማዎት ቦታ ላይ እናስቀምጠዋለን።

አቶ ይመር፦ ሠላሳ ዓመት ችሎት ስገባ ሰው ሁሉ ብድግ ሲልልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ!

እንድሪስ፦ ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ዛሬ ቀኑ የሳጥኑ ነው።

አቶ ይመር፦ አንተ ለምን አትድህም? ለሥራ አይደል የተጠራኸው?

እንድሪስ፦ የእኔ ጆሮ ለዚህ ቤት አይሆንም። «የሰው ጆሮ አይደለም» ተብሎ ተፈርዶበታል።

አቶ ይመር፦ ማነው ደግሞ እንዲህ ብሎ የፈረደው?

እንድሪስ፦ ሰዓት እየሄደ ነው። ልጆቹ ስንት ሰዓት ይመጣሉ አሉኝ?

አቶ ይመር፦ ዘጠኝ ሰዓት። የልጅ ልጆቼን ካየሁ ወር ከአሥር ቀኔ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወደዚያኛው አያታቸው ቤት ነው። እዚያ ፊልሙ ውስጥ ዝሆን ሲራመድ ወለሉ ይነቃነቃል አሉ። ትንሿ እኔ ጋ ስታይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ያንተ ዝሆን ታሟል።»

እንድሪስ፦ እውነቷን ነው። ለታመመው ዝሆን ሲሉ ይንበርከኩ።

አቶ ይመር፦ መጋረጃውን ዝጋ።

እንድሪስ፦ ተዘግቷል። ሳጥኑም ተከፍቷል፤ ከቡፌው ይጀምሩ።

አቶ ይመር፦ እህህ... እዚህ ብርጭቆው ብቻ ነው የሚንጫጫው።

እንድሪስ፦ ይለፉት። ራስዎን ዝቅ ያድርጉ።

አቶ ይመር፦ ከዚህ በላይ ዝቅ? በሩ አጠገብ ጭራሽ የለም። ሶፋው ኋላ ደግሞ ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም፤ ያላየውን የሚመሰክር ምስክር ነው የሚመስለው።

እንድሪስ፦ ጆሮ አለዎት! አምስት ዓመት ሙሉ የለዎትም እያልኩ ሳማዎት ኖርኩ።

አቶ ይመር፦ አምስት ዓመት? እስቲ ቀና ልበልና ልይህ... አንተ! ጓሮ ተከራይቶ የነበረው ራዲዮ ጠጋኝ አይደለህም?

እንድሪስ፦ ቆመን ስናወራ አላወቁኝም፤ ከታች ሆነው አወቁኝ።

አቶ ይመር፦ ፂም አብቅለሃላ!

እንድሪስ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «ያንተ የሰው ጆሮ አይደለም፤ ግድግዳው የጋራ ነው፣ ድምድምታህ ሰላም ነሳኝ» ብለው በሐምሌ ዝናብ አስወጡኝ። የሰው ራዲዮ በማዳበሪያ ተሸክሜ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ ስል ክፍል የሚሰጠኝ አከራይ ጠፋ፤ ይኸው በየሰው ቤት እዞራለሁ።

አቶ ይመር፦ አሁን... ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?

እንድሪስ፦ ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ የእኔ ልማድ አይደለም። ይቀጥሉ።

አቶ ይመር፦ እንግዲህ ምን... እንድሪስ! እዚህ! ደረቴ ውስጥ ገባ! ይኸ ነው ዝሆን!

እንድሪስ፦ እርግጠኛ ነዎት? ኋላ ይግባኝ የለውም። አንድ ዙር ይድገሙልኝ።

አቶ ይመር፦ ከቡፌው ጀምሬ?

እንድሪስ፦ ከቡፌው።

አቶ ይመር፦ ወይ ጉልበቴ... በሩ... ሶፋው... ይኸው፣ እዚሁ ነው! ምን አልኩህ?

እንድሪስ፦ ችግር አለ። ይኼ የጓሮው ክፍል ግድግዳ ነው። የጋራ ነው ብለው ፈርደዋል።

አቶ ይመር፦ ክፍሉ ባዶ ነው። ካንተ ወዲህ ሦስት ሰው ገባ፣ ሦስቱም ወጣ። አንደኛው ሳል ያበዛ ነበር።

እንድሪስ፦ ነገ አራተኛው ይገባና በዝሆኑ እንቅልፍ ሲያጣ ይከስዎታል።

አቶ ይመር፦ ታዲያ እንዲህ ያለውን ጩኸት ማን ይችለዋል?

እንድሪስ፦ ጩኸት እንጀራው የሆነ ሰው።

አቶ ይመር፦ አሃ! ዞረህ ዞረህ ክፍሉን ነው። አይሆንም! የወጣ ፍርድ ወጣ።

እንድሪስ፦ እሺ። ሳጥኑን እዚህ አምጥቼ ገመዱን ላገናኝ። ድምፁን የሚያከፋፍለውን ሪሲቨር ወፍራሙን ድምፅ ለዚህ ብቻ እንዲልክ አዝዤዋለሁ። ተነስተው ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ።

አቶ ይመር፦ ወንበሬ! እፎይ... ይኼ ካርቶኑ ውስጥ የቀረው ባለ ጭራ ነገር ምንድን ነው?

እንድሪስ፦ ማይክሮፎን ነው። ሪሲቨሩ በሱ እየሰማ ድምፁን ራሱ ይለካል፣ ራሱ ያስተካክላል።

አቶ ይመር፦ ራሱ? ታዲያ እኔን ለምን አስዳህከኝ?

እንድሪስ፦ እሱ ይለካል እንጂ ሳጥኑን አንስቶ ቦታ አይመርጥም። እርስዎ የዳሁት ለድምፁ ነው፤ አንዱን ዙር።

አቶ ይመር፦ ሁለት ዙር ነው የዳህኩት!

እንድሪስ፦ ሁለተኛው ለሐምሌው ዝናብ ነው።

አቶ ይመር፦ አዋረድከኝ!

እንድሪስ፦ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ። ልክፈተው?

አቶ ይመር፦ ...ክፈተው። ዋ! ቡፌው ተንቀጠቀጠ! ሆዴ ውስጥ እኮ ነው የሚራመደው! ትንሿ ይህን ስትሰማ... እንድሪስ።

እንድሪስ፦ አቤት።

አቶ ይመር፦ ያን ቀን ስትረጥብ በመስኮት አይቼሃለሁ። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ ሲገባ ደስ አይለኝም።

እንድሪስ፦ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቼ ነበር።

አቶ ይመር፦ የጓሮው ቁልፍ የቡፌው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ውሰደው። ግን በአንድ ውል። ዝም ትላለህ።

እንድሪስ፦ ያው ተመለስን! ራዲዮ ሳላስጮህ እንዴት አድርጌ ልጠግን?

አቶ ይመር፦ ራዲዮውንስ እንዳሻህ አስጩኸው። ዝም የምትለው ስለ መዳሄ ነው።