ለአንድ በሬ የሚሆን ብድር

ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር በመኪና ስንመጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት ገበሬ አጠገባቸው ላለው ወጣት ያወጉታል።

«የፊተኛው አበዳሪ አቅሜን እንኳ ሳይጠይቅ አስፈርሞ ብሩን ቆጠረልኝ። መክፈል ሲያቅተኝ ሁለቱንም በሬዎቼን ሸጥሁ።»

«ውይ! ከዚያስ አባባ?»

«አምና ሌላ ዘንድ ሄድሁ። የብድር ሠራተኛዋ ልጅ እቤቴ ድረስ መጣች። ‹ስንት ቤተሰብ አለዎት? ድንቹ ስንት ኩንታል ይሰጣል? ከቀለብ ምን ይተርፋል?› እያለች አደረቀችኝ።»

«ሰጠችዎት ታዲያ?»

«ለሁለት በሬ ብጠይቃት፣ ‹አባቴ፣ የሚችሉት ለአንድ ነው› አለች። በአንድ በሬ ይታረሳል ወይ ብዬ ጮኽሁባት!»

«እሷስ?»

«ሳቀች። ‹አንድ በሬ ያለው ጎረቤት የለዎትም?› አለችኝ። አለኝ!»

«ተቀናጃችሁ?»

«ተቀናጅተን ማሳችንን በየተራ አረስን። ድንቹም ሰመረልኝ፣ ተመስገን! ዛሬ የመጨረሻውን ልከፍል ነው። በሬው የራሴ ሊሆን!»

«እንኳን ደስ አለዎት! ልጅቱን ምን ሊሏት ነው?»

«ስለጮኽሁባት ይቅር በይኝ ብዬ እመርቃታለሁ።»

«ሌላ ብድር ብትሰጥዎትስ?»

«ይችላሉ ካለችኝ እወስዳለሁ» አሉና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን የብድር ማመልከቻ አወጣሁና የጠየቅሁትን የብር መጠን ደግሜ አነበብሁት።