ወደ ስምጡ የተጎተተው ጥጃ

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። በደቡብ ምሥራቅ ሚኒሶታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ላም ሳዋልድና ጥጃ ሳክም ኖሬያለሁ፤ የገበሬን ግትርነት የሚያሽር መድኃኒት ግን አላገኘሁም። ለሐሜት አይደለም። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በሽታው በእኔም ቤት አለ።

በሚያዝያ ወር አንድ ረፋድ ላይ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ፓልመር ትቬይትን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከትራክተራቸው ኋላ የሞተ ጥጃ በሰንሰለት አስረው ይጎትታሉ። ወዴት እንደሚወስዱት መጠየቅ አላስፈለገኝም። የእኛ መሬት ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ አንዳንዴ እርሻው መካከል ድንገት ይሰምጥና አፉን ይከፍታል። ስምጥ አይታረስም፣ አይዘራበትም። ስለዚህ አያቶቻችን የዛገ ሽቦውንም፣ የተሰበረ ማረሻውንም፣ የሞተ ከብቱንም እዚያ ሲጥሉ ኖሩ፤ እኛም ሳንጠይቅ ያንኑ እናደርጋለን።

መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ።

«ምን ገደለው ጋሽ ፓልመር?»

«ተቅማጥ። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። አንተን ልጠራህ ስል ሞቶ አደረ።»

ይህን ስንነጋገር የልጅ ልጃቸው ማሪት እየሮጠች መጣች። ነርስ ናት፤ ከባሏና ከሰባት ወር ሕፃኗ ከሲግኔ ጋር ከስምጡ ቁልቁል ባለው ቤት ትኖራለች። ከስንት የልጅ ልጅ መካከል እርሻው ላይ የቀረችላቸው እሷ ብቻ ናት።

«አባባ፣ እባክዎ እዚያ አይጣሉት!»

«የት ልጣለው ታዲያ? ሳሎን ላስተኛው?»

«ቀልዱን ይተዉት። ሲግኔ ትናንት ነው ከሆስፒታል የወጣችው፤ ለሁለተኛ ጊዜ። የያዛት ተሐዋሲ ከጥጃ የሚመጣ ነው ብለውኛል። ልጄ ደግሞ ጋጣ ገብታ አታውቅም፤ በምንጠጣው ውሃ ካልሆነ በምን ያዛት?»

«ልጅ ጥርስ ሲያወጣ ያስቀምጠዋል። አንቺንም አስቀምጦሽ ነበር፤ ይኸው ዛሬ አድገሽ ትጨቀጭቂኛለሽ።»

«ሰውነቷ አለቀ እኮ፣ አባባ! ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰች እፈራለሁ ነው ያለኝ።»

ሽማግሌው ሕፃኗን ይወዷታል፤ እሱን ማንም አይጠራጠርም። ግን የአባታቸውን ውሃ የነካባቸውን ሰው አይምሩም።

«የውሃ ጉድጓዱን አባቴ ነው የቆፈረው። ዕድሜዬን ሙሉ ጠጣሁት፤ ምን ሆንኩ? መሬት ውሃን ያጣራል። እናንተ ኮሌጅ ስትገቡ ይሄን አይነግሯችሁም?»

«ይነግሩናል። አፈር ያጣራል፤ እውነትዎን ነው። ውሃው በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰርግ ብዙ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ስምጡ ግን አፈር የለውም። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ስለሆነ በረዶው ሲቀልጥ የጣሉትን ሁሉ አጥቦ በቀጥታ ይወርዳል።»

«ማን ገብቶ አየው?»

እኔም አላስቻለኝም። «ጋሽ ፓልመር፣ በአባትዎ ጊዜ ስንት ላም ነበራችሁ?»

«አሥራ አራት።»

«ዛሬስ?»

«መቶ ሰባ። ምን ነው?»

«ስምጡ ግን ያው አንድ ነው። የእርስዎ ሆድ ደግሞ የለመደ የሽማግሌ ሆድ ነው። የሰባት ወር ሕፃን እንደዚያ አይችልም።»

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልጠራኝም።

ማሪት አልተቆጣችም። እኔ ብሆን ጮኼ ነበር። «የአውራጃው የውሃ ባለሙያዎች ሰው የማይጎዳ ቀለም አላቸው» አለች። «ስምጡ ውስጥ ያፍስሱት። እኔ ቤት ቧንቧ ካልመጣ ሁለተኛ አላነሳውም።»

«ከመጣስ?»

«ከመጣና እርስዎ ካልተዉ፣ ልጄን ይዤ ከዚህ እርሻ እወጣለሁ።»

ይህ አጥንታቸው ድረስ ገባ። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ግን ሽማግሌ ናቸውና «ይሁን፤ መቶ ዓመት ጠብቂ!» አሉ። ጥጃውን በእኔ ልመና ፍሳሹን መጥጦ ከሚያበሰብሰው የሰጋቱራ ክምር ውስጥ ቀበርነው። እያጉረመረሙ ነው የቀበሩት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለሙያዎቹ መጥተው አረንጓዴውን ቀለም ከብዙ ውሃ ጋር ስምጡ ውስጥ አፈሰሱት። ጋሽ ፓልመር ከዚያ ወዲያ የማሪትን ማዕድ ቤት አልለቀቁም። በየጊዜው አንድ ብርጭቆ ይቀዱና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው «ይኸው! ጥርት ያለ!» ይላሉ። እሷ ከሱቅ በመጣ ውሃ የሕፃኗን ጡጦ ታዘጋጃለች።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ፓልመር ነጩን ሳፋ ከቧንቧው ሥር አድርገው ከፈቱ። ውሃው አረንጓዴ ነው። ዘጉት። እንደገና ከፈቱት። አሁንም አረንጓዴ ነው። ሁለት ቀን እንኳ አልሞላውም።

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የጥጃ ሬሳ ነው ለካ በጡጦ ያጠጣኋት» አሉ።

«አላወቁም ነበር፣ አባባ።»

«ነግረሽኝ ነበር እኮ!» ብለው አለቀሱ። እኔም ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ከተረዳ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው ትልቁ ነገር። በዚያ በጋ ከስምጡ ሽቦና አጥንት በአራት የጭነት መኪና አወጣን። ዙሪያው ታጠረ፤ ውሃውን የሚያዘገይና የሚያጣራ ሣር በሰፊው ተዘራበት። ፍግም በረዶው ሲቀልጥ ወደ ስምጡ እንዳይታጠብ ከዚያ ወዲህ በበረዶ ላይ አልተበተነም። የሞተ ከብት ወደ ሰጋቱራው ይሄዳል። ማሪትም ጥልቅ የሆነ አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረች። ጥጆቹም ለካ ያንኑ ውሃ ነበር የሚጠጡት፤ ንጹሑን ሲያገኙ ሞቱ ቀነሰ። የሰው ጤና ከከብቱ፣ የከብቱም ከመሬቱ እንደማይለይ እኔ ራሴ በደንብ የተማርኩት ያኔ ነው። ሲግኔ በመስከረም ጉንጯ ሞልቶ እየዳኸች ድመት ታሳድድ ነበር።

በጥቅምት የገበሬዎች ስብሰባ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተደረገ። ስለ ስምጥ ሲነሣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አንዱም «ደግሞ ይሄን ከየት አመጣችሁት?» አለ። ጋሽ ፓልመር በስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም። ሲግኔን ታቅፈው ተነሡ።

«ይህችን ልጅ ያሳመምኳት እኔ ነኝ» አሉ። «በገዛ እጄ፣ በገዛ ትራክተሬ። ልትሞትብኝ ነበር። ከእናንተ መካከል ስምጥ የሌለው ይሳቅ።»

ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ስምንት ገበሬዎች ቀለሙን ጠየቁ። ከስምንቱ የአምስቱ ቧንቧ አረንጓዴ ሆነ።