ጋሽ አጥፉትና የእህቱ ልጅ

ሰው በሰፈሩ ያጣውን ወዳጁን ሆስፒታል ያገኘዋል። እኔም በጡረታ ዘመኔ እንደ ልጅ የሚያስለቅሰኝን ጉልበቴን ራጅ ተነሥቼ፣ ውጤቱን ልቀበል ማልጄ ብሄድ አዳራሹ ሞልቶ ሰልፉ ከበር ውጭ ተርፏል። መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ ቀና እንኳ ሳትል “ሲስተም የለም፤ ጠብቁ” ትላለች። መቼ እንደሚመጣ ቢጠይቋት እሷም አታውቅም። ከፊቴ ሕፃን ያዘለች እናት አንዴ በአንዱ እግሯ፣ አንዴ በሌላው ትቆማለች።

ጥቂት ቆይቶ የቁልፍ ዘለላ የያዘ ሸበቶ ሰው ከደረጃው ሥር ወዳለው ቁም ሳጥን ሲያመራ ሰልፈኛው ተነቃቃ። “ተመስገን፣ ጋሽ አጥፉት መጡ!” አለ አንዱ። ኮምፒውተር ተበላሸብኝ ብሎ ለሚደውልለት ሁሉ “አጥፉትና አብሩት” ስለሚል የወጣለት ስም ነው። ሰውየው ቁም ሳጥኑን ከፈተና የሕንፃው ገመድ ሁሉ የሚገናኝበትን ሳጥን አጠፋው፤ ትንሽ ታገሠና መልሶ አበራው። ብዙም ሳይቆይ ጸሐፊዋ “መጣ!” ብላ ጮኸች። ሕዝቡ መረቀው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምርቃቱን ሲቀበል ፊቱን ለየሁት፤ አንድ ወንበር ላይ የተማርን የልጅነት ጓደኛዬ ነው።

“አንተ! አለህ እንዴ?” ብሎ ተጠመጠመብኝ። “እኔን እንኳ ከጡረታ በኋላም በኮንትራት አቆይተውኛል። ና፣ ወረፋህ እስኪደርስ ቢሮዬ አረፍ በል።”

ቢሮው ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ ጥግ ላይ የተከመረ የሞተ ኪቦርድ። አንዲት ወጣት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፓስወርዱ ለጠፋበት ሰው ቀስ ብላ ታስረዳለች። እንደጨረሰች ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣችኝ።

“የእህቴ ልጅ ናት” አለ ጓደኛዬ። “እዚህ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አሁን የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ‘አለቃሽ ከለቀቀሽ ከሰኞ ጀምሮ ነይ’ ብሏታል። አለቃዋ ደግሞ እኔ ነኝ፤ አልለቅም ብያለሁ። አንተ አስተማሪ ነህ፣ እስቲ ፍረደን።”

“ጋሼ፣ ጥዬዎት ልሄድ አይደለም እኮ” አለች ልጅቱ። “የምሄደው ላይኛው ፎቅ ነው።”

“ላይኛው ፎቅ ሄደሽ ጀማሪ ልትባዪ! እዚህ ሰው ሲደውል በስምሽ ነው የሚጠራሽ። እዚያ ከሽቦ ጋር ስትውዪ ማን እንደምን ዋልሽ ይልሻል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።”

“ብብቴ ሥር ያለው ምንድን ነው ጋሼ? ዛሬ የከፈትኩትን ፓስወርድ ነገም እከፍተዋለሁ። ዛሬ ወረቀት የነከሰው ፕሪንተር ነገም ይነክሳል።”

“ሰው መርዳት አነሰሽ?”

“አላነሰኝም። የተናደደ ሐኪም እንዴት እንደሚበርድ፣ ያልገባው ሰው ሳያፍር እንዴት እንደሚጠየቅ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ያንን ይዤ ነው የምሄደው። ግን ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ሳጥን ጠዋት ጠዋት ለምን ይቆማል?”

“አርጅቷላ! ይደክመዋል። አጥፍተሽ ስታበሪው ያርፋል።”

“ከደከመው ማታ ለምን አይደክመውም? ቀኑን ሙሉ ሠርቶ?”

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጓደኛዬ ገላመጠኝ።

“እኛ ሲስተሙ በተመለሰ ቁጥር ‘ተፈቷል’ ብለን ጥሪውን እንዘጋዋለን” አለች ድምጿን ሳታነሣ። “ኔትወርክ ክፍል መቋረጡን እንኳ አይሰማም። እርስዎ ደግሞ ቶሎ ስለሚያጠፉት ምክንያቱን ለማየት ፋታ የለም።”

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ወደ ጓደኛዬ አዘንብሏል። ሽማግሌ ለሽማግሌ ማድላቱ አይቀርም። “ልጄ፣ የያዙትን አጥብቆ መያዝም ጥበብ ነው” አልኳት።

“ልክ ነው መምህር። ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት ስሕተት የሚሳሳት ተማሪ ቢኖርዎት፣ ከክፍል አስወጥተው መልሰው ሲያስገቡት ተማረ ይሉኛል?”

ስንት ዘመን ጠመኔ የጨበጥኩ ሰው ተረታሁ። ጓደኛዬ ግን አልተበገረም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

“ለመሆኑ ኔትወርክ የት ተምረሽ ነው?” አላት።

“እቃ ቤት የተጣሉትን ሳጥኖች እየለመንኩ አገናኛቸዋለሁ። ኮምፒውተር የጓደኛውን አድራሻ እንዴት እንደሚያገኝ፣ መልእክት በየት በኩል እንደሚያልፍ እያበላሸሁ፣ እያስተካከልኩ አየሁት። ኋላም የኔትወርክ ባለሙያ ፈተና ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ነግሬዎት ነበር፤ ስልክ ላይ ስለነበሩ አልሰሙኝም።”

ሰውየው ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ እሷን ትቶ ለእኔ ማውራት ጀመረ።

“ይህ ሕንፃ ገመድ ሲዘረጋለት አንድ መሐንዲስ መጥቶ ነበር። ‘አብረኸኝ ዙር፣ አስተምርሃለሁ’ አለኝ። ‘ስልኩን ማን ያነሣል?’ አልኩት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ስልኩን አነሣሁ።”

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኔንም አሳዘነኝ። በመጨረሻ እሱው ተነፈሰና “እንግዲያው ምክንያቱን ካሳየሽኝ ሂጂ። ካላሳየሽኝ ግን ወሬው እዚህ ላይ ይቁም” አላት።

“እሺ ጋሼ። ነገ ሲቋረጥ ግን ሳጥኑን አይንኩት።”

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ለጉልበቴ ነው ብል ውሸት ነው፤ ውጤቱን ትናንትና ተቀብያለሁ። “ሲስተም የለም” ትላለች ጸሐፊዋ። ጓደኛዬ ቁም ሳጥኑ ፊት ቁልፉን ጨብጦ ያልበዋል፤ ሰልፈኛው “ምነው ዛሬ?” ይለዋል። የእህቱ ልጅ እጁን ያዘችና ወደ ሁለተኛው ፎቅ ይዛው ወጣች። እኔም ጉልበቴን እየረገምኩ ተከተልኩ።

የገባንበት የአንድ ሐኪም ክፍል ነው፤ ሐኪሙ ገና አልመጣም። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ወልውላ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ተገናኘን። ልጅቱ ከጠረጴዛው ጀርባ ጎንበስ ብላ አንድ ገመድ አሳየችን።

“ይኸው ጋሼ። ይህ ገመድ ኮምፒውተር አልያዘም። ከአንዱ የኔትወርክ ሶኬት ወጥቶ አጠገቡ ያለው ሶኬት ውስጥ ገብቷል። የገባው መልእክት መውጫ አጥቶ እዚያው እየዞረ ይበዛል፤ የሌላውን ሁሉ መንገድ ይዘጋል። ፕሪንተር ላስተካክል አንድ ጠዋት እዚህ ገብቼ ስላየሁት ጥርጣሬው ነበረኝ፤ ለማረጋገጥ ግን ሳጥኑ ሳይጠፋ መቆየት ነበረበት።”

የገመዱን አንዱን ጫፍ ነቀለችው። አፍታም ሳይቆይ ከታች የጸሐፊዋ ድምፅ ተሰማ፤ “መጣ!”

ሳጥኑን ማንም አልነካውም።

“ሐኪሙ ማታ ላፕቶፑን ይዞ ሲሄድ ይህ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ጠዋት ሲገባ ከግድግዳው ነቅሎ ላፕቶፑ ላይ ይሰካዋል” አለች ቀስ ብላ። “እርስዎም ሳጥኑን የሚያጠፉት እሱ በሚገባበት ሰዓት ነው።”

የጽዳት ሠራተኛዋ ደነገጠች። “ምን አጠፋሁ ጋሼ? ‘ተንጠልጥሎ ያገኛችሁትን ገመድ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ ሰው ይጠልፋል’ ያሉን እርስዎ አይደሉም?”

“ነኝ” አለ። “አንቺ ምንም አላጠፋሽም።”

የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። “ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሳጠፋ ነው የኖርኩት?” አለ። ከዚያም “ታች የቆመው ሰው ይመርቀኝ ነበር እኮ” አለ። ቁጭቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ እኔ ወዳጁ ላየው አልደፈርኩም።

ቢሮ እንደገባን ግን አልዘገየም። ስልኩን አንሥቶ ላይኛው ፎቅ ደወለ። “ልጅቱ ሰኞ ትምጣ። አዎ፣ እስከ ዛሬ የያዝኳት እኔ ነኝ” አለና ዘጋው። ወደ እሷ ዞሮም “እኔ አንድ ሰው ሲጮኽልኝ ለአንድ ሰው እደርሳለሁ” አላት። “አንቺ ግን መንገዱን ከሠራሽው ሰውም መጮኽ አያስፈልገውም፤ እናቶችም ሲስተም የለም ተብለው አይቆሙም። ትልቅ ሥራ ነው። ጀማሪ ቢሉሽም አትፈሪ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።”

“እርስዎም ይማሩ ጋሼ፤ እኔ አስጠናዎታለሁ።”

“እኔማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እባላለሁ” ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከከንፈሩ አላለፈም።

እኔም ከዚህ የተረፈኝን ለወጣቶች ልንገር። የእርዳታ ስልክ ማንሣት ጥሩ በር ነው፤ ትሕትናን፣ ትዕግሥትን፣ የሰውን ችግር ማዳመጥን ያስተምራል። በር ላይ መኖር ግን አይቻልም። የሚደውልላችሁን ሰው ስትረዱ ለምን እንደደወለም ጠይቁ፤ ‘ለምን’ እያላችሁ ስትሄዱ ሳታውቁት ወደሚቀጥለው ሙያ ትደርሳላችሁ። እናንተም አለቆች፣ የምትወዱትን ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አታስረጁት።

ልሰናበታቸው ስነሣ ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። ጓደኛዬ ቀደማት።

“አንቺ ሂጂ፣ እቃሽን አሰናጂ” አላት።

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ደዋዩን እስኪጨርስ አዳመጠውና፣ “አጥፉትና አብሩት” ሳይል፣ “ኮምፒውተሩ ከመቆሙ በፊት ምን እየሠራችሁ ነበር?” ብሎ ጠየቀው።