ተራ ያልተሰጠው ሰው

(አዳማ፣ እሑድ ከሰዓት፤ ነርሷ እመቤትና ታናሽ ወንድሟ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ ኪሩቤል፣ አንድ የቆየ የጃፓን ጌም በቆመበት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።)

እመቤት፦ እንካ፣ ጆይስቲኩን ያዝ አልኩህ። እጄ ዛለ።

ኪሩቤል፦ አልጫወትም አልኩሽ። በቃኝ።

እመቤት፦ የዘንዶው ደጃፍ ካደረስከኝ በኋላ? አርባ ሰዓት ሙሉ ያንን ሁሉ እንግሊዝኛ ሳነብልህ ጉሮሮዬ የደረቀው ለዚህ ነው?

ኪሩቤል፦ ውሃ ጠጪበት።

እመቤት፦ ከሥራ ስመለስ የምስቅበት አንድ ነገር ይሄ ነበር። አንተ ትመታለህ፣ እኔ አነባለሁ።

ኪሩቤል፦ ሰለቸኝ። ሦስት እርምጃ ስትሄጂ አውሬ፣ ሦስት እርምጃ ስትሄጂ አውሬ። ግደል፣ ጠንክር፣ ግደል፣ ጠንክር። ማለቂያ የለውም።

እመቤት፦ እሱን አልነበር የወደድከው? «አሥር ሳልገድል እራት አልበላም» እያልክ ስንቴ ወጥ አቀዘቀዝክብኝ።

ኪሩቤል፦ ሰው ይለወጣል።

እመቤት፦ በአንድ ቀን? ባለፈው ሳምንት ዓርብ ዓለምን ሲያድን ያመሸ ሰው፣ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ሳበራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ኪሩቤል፦ በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እመቤት።

እመቤት፦ ገብቷል እንጂ። ስምንት ቀን እህል አላስቀመሰህም። ቀኝ እጅህንስ ለምንድን ነው ከጋቢው የማታወጣው?

ኪሩቤል፦ የመኪና በር ተዘጋብኝ።

እመቤት፦ አሳየኝ። አምጣው እንጂ። ይሄ በር አይደለም። የጣት አንጓን እንዲህ የሚሸረክተው የሰው ጥርስ ነው። ከማን ጋር ተጣላህ?

ኪሩቤል፦ ጠብ አይደለም። ጠብ ለሁለት ነው።

እመቤት፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ኪሩቤል፦ እዚህ ጌም ላይ አንድ ደግ ነገር አለ። አውሬውን ከመታሽ በኋላ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። አውሬውም ተራ አለው። ዘንዶው እንኳ ተራሽን አይነጥቅሽም።

እመቤት፦ እሺ።

ኪሩቤል፦ ለእሱ ተራ የሰጠው የለም።

እመቤት፦ ለማን?

ኪሩቤል፦ ያን ቅዳሜ ረፋድ፣ መናኸሪያ። አንድ ሰው የሴትዮ ቦርሳ ነጠቀ ተባለ። «ሌባ» የሚለውን ስሰማ ከመኪናዬ ዘልዬ ወረድኩ። አላየሁም፤ ማንንም አልጠየቅኩም። አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ የጎማ መፍቻ ይዞ መጣ።

እመቤት፦ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ኪሩቤል፦ አልወደቀም ነበር። ቆሞ «ስሙኝ» ይል ነበር። የጣልኩት እኔ ነኝ። አፉን በቡጢ፣ ከወደቀ በኋላ በጫማ። ጎኑ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ይሰማል። ራሱን በእጁ ሲሸፍን እጁን ረገጥኩት። አስቀያሚውን ልንገርሽ? በመታሁት ቁጥር ጠነከርኩ።

እመቤት፦ ሴትዮዋስ?

ኪሩቤል፦ «እሱ አይደለም፣ ያኛው ነው» እያለች ትጮህ ነበር። ሰማኋት። እየሰማኋት እግሬ አላቆመም።

እመቤት፦ ከዚያስ?

ኪሩቤል፦ ፖሊስ ሲመጣ ተበተንን። ተሳፋሪ ጭኜ ሞጆ ሄድኩ። ማታ ይሄንን ስታበሪው የመጀመሪያው አውሬ ብቅ ሲል «ስሙኝ» ያለኝ መሰለኝ።

እመቤት፦ ምን ለብሶ ነበር?

ኪሩቤል፦ ምን ያደርግልሻል?

እመቤት፦ ንገረኝ።

ኪሩቤል፦ ሰማያዊ ቱታ። ጉልበቱ ላይ በእሳት የተበሳሳ። እንግዲህ ሞቷል፤ ከዚያ የሚተርፍ ሰው የለም።

እመቤት፦ አራት ጎድኑ ተሰብሯል። ግራ ዓይኑ ከእንግዲህ አያይም። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ ሾርባ በሲሪንጅ ነው የማጎርሰው።

ኪሩቤል፦ ምን አልሽ?

እመቤት፦ ዘሪሁን ይባላል። በያጅ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ሆስፒታል ገላውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ እዚህ እየመጣሁም ማን እንደሆነ ሳላውቅ የመታውን እረግም ነበር።

ኪሩቤል፦ ምን ይላል?

እመቤት፦ መናገር አይችልም። ለፖሊስ በወረቀት ላይ «የመታኝን አላየሁም» ብሎ ጻፈ።

ኪሩቤል፦ አላየኝም? እንግዲያ ማንም አያውቅም ማለት ነው።

እመቤት፦ እኔ አወቅኩ።

ኪሩቤል፦ አንቺማ እህቴ ነሽ።

እመቤት፦ ከእሱ አልጋ አጠገብ ስቆም ማን ነኝ? ነገ ፋሻውን ስፈታ በቀረችው ዓይኑ ያየኛል። ምን ብዬ ልየው?

ኪሩቤል፦ ያስሩኛል፣ እመቤት።

እመቤት፦ ሊያስሩህ ይችላሉ። ሸሚዝህን ቀይር፤ የጠያቂ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ነው።

ኪሩቤል፦ እፈራለሁ።

እመቤት፦ ፍራ። እየፈራህ ተራመድ፤ እጅህን እይዛለሁ። አልሄድም ካልክ ግን ለፖሊስ የምደውለው እኔው ነኝ።