ውሻ የለቀቀው ቤት

እማማ ፊትለፊት ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። ሴት ልጃቸው ወለደች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ነው። ግን ከሆስፒታል ወጥታ የገባችው የባሏ እናት ቤት ነው። የወለደቻት እናት በቁሟ እያለች! ምክንያቱን ሲጠይቁ አማቻቸው፣ የሳይንስ መምህሩ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ዶሮዎች ያድራሉ። ለጨቅላ ሕፃን ሳንባ ጥሩ አይደለም» አላቸው። ይህን ከሰሙ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ በቃሉ እስኪይዘው መምህሩ ፊት ሲደጋግሙት ሰነበቱ። ፊትለፊት የሚለው ስም የወጣላቸውም ለዚሁ ነው፤ ሐሜት አያውቁበትም፣ ያላቸውን ለባለቤቱ ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ ከመምህሩ ጋር ተገጣጠሙ። ጋሪ እየገፋ ነው። ጋሪው ላይ ቀለሙ የተላላጠ፣ ጣሪያ ያለው የእንጨት ሳጥን ተጭኗል።

«ደግሞ ውሻ ገዛህ?» አሉት ሰላምታውን ሳይጠብቁ።

«እንደምን ዋሉ እማማ። ውሻ እንኳ አልገዛሁም፤ ቤቱን ነው። ውሻቸው የሞተባቸው ሰዎች ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሸጠውት አገኘሁት። ለእርስዎ ዶሮዎች ብዬ ነው።»

እማማ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። ዘንቢል ካስቀመጡ ነገሩ አያጥርም።

«ዶሮዎቼ የሙት ውሻ ወራሽ ሆኑ በለኛ! ቁንጫውስ? እሱንም ወርሰው ነው?»

«ቁንጫውን እንኳ አናወርሳቸውም» አለ መምህሩ። «በፈላ ውሃና በሳሙና እናጥበዋለን፣ ፀሐይ እናስመታዋለን፣ ከዚያ ውስጡን ኖራ እንቀባዋለን። ተባይ የሚደበቀው ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ኖራው ስንጥቁን ይደፍነዋል።»

«ስማኝ አንተ ልጅ። አምስት ልጅ ዶሮ ባደረበት ክፍል አሳድጌአለሁ። አንዷን አንተው አግብተሃታል። ጎደሎ አገኘህባት?»

መምህሩ ሳቁ አመለጠው። «ኧረ ምንም! እነሱ ጠንክረው አልፈውታል እማማ። ይሄኛውም ያልፈዋል ብዬ ግን የቀናት ልጅ ላይ ልሞክር አልችልም። ኩሱ ሲደርቅ ይበናል። ዶሮዋ ክንፏን ባራገበች ቁጥር ብናኙ ክፍሉን ይዞረዋል፤ እርስዎም ተኝተው ይስቡታል። ጠዋት ጠዋት የሚያስልዎት ምን መሰለዎት?»

«እርጅና ነዋ! ለእርጅናም አስተማሪ ያስፈልጋል?»

 ከዚያ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እውነቱን ልንገርህ። ድሮ ውጭ ነበር የማሳድራቸው። ሸለምጥማጥ ገብቶ እናት ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ ፈጀብኝ። ስነሳ ያገኘሁት ላባ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአጠገቤ አላርቃቸውም።»

ሰው እልኸኛ ናት ይላል እንጂ ምን ደርሶባት ነው ብሎ የሚጠይቅ የት አለ? መምህሩ ራሱ አማች ከሆነ ጀምሮ ጠይቆ አያውቅም ነበር። አሁን ሲሰማ ግን አልቀለደም።

«እንግዲያው በሩን በሽቦ ወንፊት እንሠራዋለን፣ ጠንካራ መቀርቀሪያም እናደርግለታለን። ሠርቼ ልቡናዎ ካልረጋ ራሴ አፈርሰዋለሁ፤ ማገዶ ያድርጉት።»

እማማ እንጨቱን በጣታቸው አንኳኩት። ደረቅ ነው፣ ጥሩ ይነድዳል። «ይሁን። ከሆነ ዶሮ ቤት፣ ካልሆነ ማገዶ። በል ግፋ!» ብለው ዘንቢላቸውን ጋሪው ላይ ጫኑበት።

ሁለቱ ሳጥኑን ፈትገው አጠቡት፤ ፀሐይ አደረቀው፤ ኖራ ተቀባ። መምህሩ ሰፊውን የውሻ መግቢያ በጣውላ አጥብቦ ባለ መቀርቀሪያ የወንፊት በር ገጠመለት፣ ወለሉ ላይ ገለባ ጎዘጎዘና እጁን አራግፎ ቆመ። ሲመሽ ግን ዶሮዎቹ ወደ በሩ እንኳ ዞር አላሉም። አንድ በአንድ ዘለው ጣሪያው ላይ ተደረደሩ።

እማማ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «መምህር! ና እስቲ ተማሪዎችህን እይ!»

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

«ውሻ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ዶሮ ቆጥ ትፈልጋለች። ቤቱን ለውሻው ነው ያደስክለት!»

መምህሩ አንገቱን እያከከ፣ «እውነትም ስለ ሳንባ እያሰብኩ ስለ እግራቸው ረሳሁ» አለ።

ያን ሌሊት ዶሮዎቹ እንደ ወትሮው ከእማማ ጋር ቤት ውስጥ አደሩ፤ በነጋታው ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሳጥኑ እርጥበት እንዳይነካው እግር ተሠራለት። እማማ ባሳዩት ቦታ ላይ ቆጥ ተጋደመ፤ ከቆጡ ዝቅ ብሎ በጥጉ በኩል የእንቁላል መጣያ ተደረገ። መምህሩ ደግሞ ከጣሪያው ሥር ረዥም ክፍተት በመጋዝ አወጣና በወንፊት ሸፈነው።

«ይሄ ምንድነው? በብርድ ልትፈጃቸው?»

«አየር መውጫ ነው። ነፋሱ ከራሳቸው በላይ ያልፋል፤ የኩሱን ሽታና እርጥበት ይዞ ይወጣል።»

እማማ አላመኑም። ጭንቅላታቸውን በበሩ አስገብተው አየሩን በፊታቸው ለኩት፣ አሸተቱትም። ሲወጡ ሻሻቸው ላይ ገለባ ተሰክቷል። «እሺ» አሉ፤ «እሺ» ከእሳቸው አፍ በቀላሉ የማትወጣ ቃል ናት።

ያን ዕለት ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ አደሩ። ሲነጋ አንድ ላባ እንኳ አልወደቀም። ሸለምጥማጡ መጥቶ ከነበረም መቀርቀሪያውን አይቶ ተመልሷል። እማማም የመኝታ ክፍላቸውን ጠርገው፣ አጥበው፣ መስኮቱን ከፈቱት።

እንዲህ ሰንብተው አንድ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ ደህና ነዎት? አመመዎት እንዴ?»

«ምን ሟርት ነው በጠዋቱ?»

«ሰሞኑን አርፍጄ እየተነሳሁ ደንበኞቼን አጣሁ! የምነሳው በእርስዎ ሳል ነበር፤ ምነው ጠፋ?»

እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በረዥሙ ተነፈሱ። ሳል የለም። ደግመው ተነፈሱ፤ የለም። ለልብስ ሰፊዋ መልስ ሳይሰጡ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሱ።

መምህሩ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ በሩ ተበረገደ። ተማሪዎቹ ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ ልጆቼ። እኔ ተሳስቼ ነበር የምለው በዕድሜዬ ገና ዛሬ ነው፤ አልደግመውም፣ ጆሮ ስጡኝ። ዶሮ ከሰው ጋር መተኛት የለባትም። መምህራችሁ ሲነግረኝ አፌን አሹዬበት ነበር። አሁን ዶሮዎቼ ውሻ በለቀቀው ቤት ቆጥ ላይ ያድራሉ፣ ሸለምጥማጥ አይደርስባቸውም። እንቁላሉን አልጋ ሥር ተንበርክኬ አልፈልግም፣ አንድ ቦታ ይጠብቀኛል። ኩሱን አብላልቼ ለጎመኔ ማዳበሪያ አደርገዋለሁ። ቤቴ ቤት ቤት ይሸታል። እርጅና ነው ያልኩት ሳልም ጥሎኝ ሄዷል፤ እርጅናው ግን አለ፣ አልዋሽም። ቤታችሁ ዶሮ ከሰው ጋር የሚያድር ካለ ለእናቶቻችሁ ንገሩ። አሮጌ ሳጥን የትም አይጠፋም። ቆጥ ግን እንዳትረሱ፤ መምህራችሁም ረስቶ ነበር!»

ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። መምህሩ ፈገግ ብሎ እጅ ነሳ። እማማ ግን አልጨረሱም፤ ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«አንተም ስማ። እንዳልከኝ አድርጌአለሁ። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጄን ከነልጇ ቤቴ አምጣልኝ። ስትገባም ደጃፌ ላይ ቆመህ ቤቴን እንዳታሸት!»