ገበታውን የሚከድን፤ አራት ፊደል

እኛ በነበርንበት ጊዜ እኮ ሰናይት፣ ሰው ሊሰድብሽ ሲፈልግ ደጃፍሽ ድረስ መጥቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ፊት ለፊት ነው የሚሰድብሽ። እንዲህ በሣጥን በሣጥን ከፋፍሎ በስልክ አይልክልሽም። ትስቂያለሽ? ሳቂ፣ ሳቂ። አንቺ ከሐዋሳ መጥተሽ፣ ግቢዬ ውስጥ ቤት ተከራይተሽ፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሪ፣ የስልክ ነገር ሁሉ የሚገባሽ ሰው ነሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከመንገድ ሥራ ጋር ግሬደር ስነዳ የኖርሁ ሰው ነኝ። ግሬደር ይገባኛል። ያለፈው ዓመት ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እየነገርሁሽም አይገባኝም።

ስሚኝማ። መምህር አስረስን ታውቂው የለ? እዚህ ታች፣ በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ የሆነው። አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣው። እሱና እኔ አብረን ነው ያደግን፤ አንተ ተባብለን፣ ተሰዳድበን፣ ተደባድበን። ታዲያ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን ሥራ ስንፈታ ይሄ መስቀለኛ ቃላት የሚሉት መጣልን። ባዶ ሣጥን ነው፤ ወደ ጎን ጥያቄ አለ፣ ወደ ታች ጥያቄ አለ፣ አንድ ሣጥን አንድ ፊደል። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይወጣል። ማን ያወጣዋል? ማንም አያውቅም። እኔ በስልኬ አመጣዋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያትሙልናል፣ እና ከሻይ ቤቱ በር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ፀሐይ እየሞቅን እንሞላለን። እንሞላለን ስልሽ እሱ ይሞላል፣ እኔ እከራከራለሁ።

ሕግ ደግሞ አለው። መልስ መናገር አይቻልም! ግሩፑ ላይ የምትጽፊው እንዴት እንደሆነብሽ ብቻ ነው። አንዱ "ዛሬስ ፈጀኝ" ይላል። አንዱ "ወደ ታች አምስተኛው ላይ ቀረሁ" ይላል። አንዱ ደግሞ ይንጠባረራል፣ "የዛሬውስ የሕፃን ነው፣ ነገ ጠንከር አድርጉት" ይላል። የሐሙሲት ሰው አለ፣ የአንበሳሜ ሰው አለ፣ የማይታወቅ ሰው አለ። እና እነዚያ ቢጫ ፊቶች! መጀመሪያ ሰሞን አንዱ እንባው ዱብ ዱብ የሚል ፊት ላከ። እኔም ደንግጬ "ምነው ወንድሜ፣ ማን ሞተብዎት? እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብዬ ጻፍሁለት። ለካስ ሰውየው እየሳቀ ነው! ስቆ ነው ያለቀሰው! እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይገባኛል?

መልሱ የሚወጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሁዳዴ ደግሞ እኛም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አንቀምስም፤ ውኃም፣ ሻይም። ስለዚህ ጾሙም መልሱም አንድ ላይ ይፈታል። የሻይ ቤቷ ባለቤት "ሁለት ወር ሙሉ ወንበሬን አሙቃችሁ ልትሄዱ ነው?" እያለች ታጉረመርማለች። ታጉረምርም።

ታዲያ ያለፈው ሁዳዴ ነው። አንድ ቀን መምህር ከወንበሩ ቀረ። እሱ ደግሞ ቀርቶ አያውቅም። እኔም ስልኬን ይዤ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ጠዋት ነው፣ አራት ሰዓት ገደማ። እንደ ልማዴ "ቤቶች!" እያልሁ ዘው አልሁ። መልስም አልጠበቅሁ፤ የራሴ ቤት ማለት ነው እኮ! ሚስቱ ጥሩዓለም ብድግ አለች፣ እሱ መደቡ ላይ ተቀምጧል፣ "ግባ፣ ግባ" አለኝ። እኔ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው።

"ወደ ጎን ሰባተኛውን አየኸው?" አልሁት። "ቆላ የሚበቅል እህል ይላል፣ ሦስት ፊደል። ማሽላ ብዬ ሞላሁት፣ ከላይ አልገጥም አለኝ።"

"እስቲ ነገ እናየዋለን" አለ።

"ነገ ምን ያደርግልኛል? የዛሬ ነው!"

"ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ እንየው።"

በቃ። ተነሥቼ ወጣሁ። ያየሁት ይኸው ነው። በማርያም፣ ሌላ ያየሁት የለም።

በማግስቱ መጣ፣ ከጎኔ ተቀመጠ። ወረቀቱን ዘረጋን። ወደ ታች፣ ሦስተኛ፤ "እንግዳ ሲመጣበት ገበታውን የሚከድን፤ አራት ፊደል።" ሳቅሁ! ቀላል ናታ። ስስታም! እኔ እንኳ፣ የግሬደር ሹፌሩ፣ ወዲያው አወቅኋት። እና የሚሞላው እሱ ስለሆነ "በል መምህር፣ ይቺንስ አንተ ታውቃታለህ" አልሁት። ሁልጊዜም የምለው ነው! የቃል ነገር የሚያውቅ እሱ ነዋ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና ግሩፑ ላይ "የዛሬዋ ቀላል ናት፤ እኛም ሰፈር አትጠፋም" ብዬ ጻፍሁ። ወዲያው ያ የሚያለቅስ ሳቂታ ፊት ዘነበልኝ። ደስ አለኝ። ሰው በጨዋታዬ ሲስቅ መጀመሪያዬ ነበር።

ቀና ስል መምህር ቆሟል። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ደህና ይዋሉ፣ አቶ እንየው" አለኝ።

ሰማሽ? ይዋሉ! አቶ! ዞር ብዬ አየሁ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው ካለ ብዬ። ማንም የለም።

"ማንን ነው?" አልሁት።

"አንቱን ነው" አለኝ፣ እና ሄደ።

አብሮሽ ያደገ ሰው አንቱ ሲልሽ ምን እንደሚሰማሽ አታውቂም፣ ልጅ ነሽ። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው ደግሞ ስልኬ ጮኸ፣ መምህር አስረስ ከግሩፑ ወጥቷል ይላል። ወጥቷል! የት ነው የወጣው? ምን አድርጌ? ቤቱ ስሄድ ጥሩዓለም ከበሩ መለሰችኝ። "ተኝተዋል ጋሽ እንየው" አለች። ዓይኔን አታይም። በሌላ ቀን ስሄድም "ተኝተዋል።" ሰው በቀን እንዲህ ይተኛል? ወንበሩ ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ ያቺን ማሽላ ብሎ ይሆን የተቀየመኝ እያልሁ ሳስብ እውላለሁ። ማሽላ ምኑ ያስቀይማል?

እንዲህ ስንከርም፣ አንድ ቀን አባ ወልደ ሰንበት፣ የንስሐ አባታችን፣ የኔም የሱም፣ ከቤቴ መጡ። ቁጭ አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"እንየው፣ መምህር አስረስ ከስሶሃል" አሉኝ።

"በምን?"

"በመስቀለኛ ቃላት።"

"ምን?"

"ስስታም ብሎ አሳትሞብኛል ነው የሚለው።"

"የት ነው ያሳተምሁት?"

አባ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና አተኩረው አዩ፣ "ወደ ታች፣ ሦስተኛ ላይ" አሉኝ።

ሳቂ፣ ምን ታደርጊ። ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። በመሬት ተከስሼ አውቃለሁ፣ በበግ ተከስሼ አውቃለሁ። በሣጥን መከሰስ ከየት መጣ? "አባ፣ እኔ እኮ ፊት እንኳ መላክ አልችልም፣ እንዴት ብዬ ጥያቄ አሳትማለሁ?" አልሁ። እሳቸው "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር" ብለውኝ ተነሡ።

እሑድ ተቀመጥን። አባ ከመካከል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከግራና ከቀኝ። መምህር ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል።

"አቶ እንየው ከቤቴ መጥተው ገበታዬን አይተው ሄዱ" አለ። "በማግስቱ ወጣብኝ። አጠገቤ ቁጭ ብለው አንተ ታውቃታለህ አሉኝ። እኛ ሰፈር አትጠፋም ብለው ለአገር ጻፉ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?"

ሽማግሌዎቹ ወደኔ ዞሩ። እውነቴን ነው ሰናይት፣ እሱ ሲናገር እኔም ራሴን ጠረጠርሁ። አድርጌው ይሆን እንዴ? አልሁ። በስልክ ምን አይሠራም? ሳላውቅ ነክቼው ቢሆንስ?

ስልኩን አወጣሁና "የዚያን ቀን ሰው ሁሉ የጻፈውን ላንብብላችሁ፣ ከዚያ ፍረዱ" አልሁ። ከዓይኔ አርቄ ያዝሁት። አንዲት የሐሙሲት ወይዘሮ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ "ይሄን ያስወጣችብኝ የባሌ እህት ናት። ባለፈው ስትመጣ ገበታውን የከደንሁት ዝንብ ፈርቼ ነው፤ እግዜር ያውቃል።" የአንበሳሜው እህል ነጋዴ ደግሞ፤ "ወገኖቼ፣ ስሜን ያነሣችሁት እንደሆነ ገብቶኛል። በገበያ ቀን ከሱቄ ስበላ ደንበኛ ከገባ የምከድነው እየጎረሱ መሸጥ ነውር ስለሆነ ነው፤ ስስቼ አይደለም።" ማንም ሳይጠይቀው! ሌላው ደግሞ "ሚስቴ ናት እንጂ እኔ አልከደንሁም" ይላል። እያነበብሁ ስሄድ ያገሩ ገበታ ሁሉ ተከድኖ ነው ለካ የከረመው!

ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አባ ግን አልሳቁም፣ መሬት መሬት ያያሉ። መምህርም አልሳቀም።

"እንየው" አለኝ፣ "እንግዲያ ገበታዬን አላየኸውም?"

አላየኸውም አለኝ! አንተ አለኝ!

"የቱን ገበታ?"

"ጥሩዓለም ነጠላዋን የጣለችበትን።"

"ነጠላም አላየሁ።"

"ፊት ለፊትህ እኮ ነው!"

"ማሽላው አልገጥም ብሎኝ ነበር አልሁህ!"

ከዚያ ቀስ ብሎ "እንቁላል ነበር" አለ። "በሁዳዴ፣ በአራት ሰዓት፣ እንቁላል።"

አንደኛው ሽማግሌ አማተበ። አባ ወልደ ሰንበት እጃቸውን አነሡና "ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ሐኪም ነው ያዘዘው። ንስሐ አባት ነኝና አፌን ይዤ ነው የተቀመጥሁ።"

"ደምህ አልቋል አሉኝ" አለ መምህር። "መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም፣ ካልበላህ አትነሣም አሉኝ። ስስታም ሲባል ዝም ብል ስስታም ሆኜ ልቀር ነው። አይደለሁም ብዬ ልናገር ደግሞ ሕመሜ ሊወጣ ነው። የት ልግባ?"

ያን ጊዜ አየሁት። ጋቢው ከትከሻው ወረድ ብሎ ነበር። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቷል። እጁ ቆዳና አጥንት ነው። በየቀኑ ከጎኑ እየተቀመጥሁ፣ ያንን እጅ እርሳስ ይዞ እያየሁ፣ አላየሁም! ሣጥን ሣጥኑን ነበር የማየው። መጀመሪያ ተናደድሁ፣ በጣም ተናደድሁበት። ከዚያ ፈራሁ። ይሄ ሰው ሊሞትብኝ ነበር እኮ፣ እኔ ስለ ማሽላ እየጮኽሁበት።

"ለምን አልነገርኸኝም?" አልሁት። "ለኔ? ለእንየው?"

"ብነግርህ ታዝንልኛለህ" አለኝ። "ካዘንህልኝ ደግሞ አትከራከረኝም። የምታውቀውን ቃል እንኳ አላወቅሁም ብለህ ትተውልኛለህ። እንደዚያ ከምሆን እዚያ ወንበር ላይ ባልቀመጥ ይሻለኛል።"

ምን ትመልሺለታለሽ? ሽማግሌዎቹም ተቸገሩ፤ ማን በዳይ፣ ማን ተበዳይ እንደሆነ ጠፋባቸው። ደንቡ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ድንጋዩ እዚያው አለ። ማን ይሸከመው? አባ "እንግዲህ..." ሲሉ እኔም ጎንበስ አልሁ፣ እሱም ጎንበስ አለ፣ እና ግንባር ለግንባር ተላተምን። "በቃ፣ ተዉት፣ ተሳሳሙ" አሉ አባ። ተሳሳምን። አለቀስን፤ እኔስ እንደዚያ ቢጫ ፊት ሆንሁ፣ እየሳቅሁ ነው ያለቀስሁ።

ዘንድሮም ሐኪሙ እንዳትጾም ብሎታል። አሁን ወንበሩን ለሻይ ቤቷ ባለቤት ትተንላታል፣ እሱ ቤት ነው የምንሞላው። እሱ እየበላ እኔ ጥያቄውን አነባለሁ። ሳህኑን ገፋ ካደረገ ማንበቤን አቆማለሁ፤ ይጎርሳል፣ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ደክሞት ሳየው ራራሁና አንዷን ቃል እያወቅሁ ዝም አልሁለት። ወዲያው ነቃብኝ። "አውቀህ ነው የተውኸው! አልበላም!" ብሎ ሳህኑን መለሰ። ጥሩዓለም ተቆጣችኝ፤ "ጋሽ እንየው፣ ይከራከሩት እንጂ፣ ሊገድሉብኝ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልራራም። ጥያቄውን ማን እንደሚያወጣው ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሐሙሲትን ጠየቅሁ፣ አንበሳሜን ጠየቅሁ። አንዱም አያውቅም። ሁሉም ግን ስለ እኔ ነው የሚጽፈው ይላል። እኔንጃ፣ ተምታቶብኛል።

— ታዲያ ጋሼ፣ አሁን በክርክሩ ማናችሁ ታሸንፋላችሁ?

እሱ ነዋ! ይኸው ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን አላሸነፍሁትም። እሱ እንቁላሉን በልቶ፣ ወተቱን ጠጥቶ፣ ተደላድሎ፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዴ፣ አንጀቴ እየጮኸ! ይሄ ውድድር ነው እንዴ? እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ሂጂና ለአባ ንገሪልኝ! (ይስቃሉ።)