የሐጃ ዘይነባ ብርማ አበባ

አሰላ ውስጥ በየግቢው አበባ እየተከልኩ ነው የምበላው። ለሐጃ ዘይነባ ፀሐይ በሚመታው ደረቅ ግቢያቸው፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ቅጠሉ ብር የመሰለ አበባ ተክዬላቸው ነበር። አንድ ቀን አስጠሩኝና ጮኹብኝ፦ «አንተ ቀጣፊ፣ በሽተኛ ነው የሸጥክልኝ! ዋላሂ ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ!» ያ ሰፈር ከተዘጋብኝ ደግሞ አለቀልኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አጥሩ ጥግ ያሉት ያበራሉ፤ የበሰበሱት ግቢው መሃል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ያሉት ብቻ ናቸው።

«ሐጃ፣ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ የሚታጠቡት የት ነው?»

«እዚሁ ድንጋይ ላይ ነዋ። በረካው ይድረሳቸው ብዬ!»

ሳቄ አመለጠኝ። «ይሄ ተክል እኮ ውሃ አይወድም፣ ለሱ ዓመቱን ሙሉ ረመዷን ነው። እርስዎ በቀን አምስቴ ያስፈጥሩታል!»

አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ተንከተከቱ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው ጎረቤታቸውን ተጣሩ፦ «አንቺ ፋጡማ፣ ነይማ! ይሄ ልጅ የሚጾም አበባ ይሸጣል!»